ከመድረክ እስከ ጆሮ፦ በሐዋሳ አዳራሽ የቅጽበታዊ ትርጉም መሣሪያ አተካከልና አሠራር

ጠዋት 3 ሰዓት የተከፈተ ዐውደ ጥናት ገና 4 ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ተሳታፊ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ፣ አዘጋጁ ጣቱን የሚቀስረው አስተርጓሚዎቹ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ተናጋሪውን በቅጡ አልሰሙትም፤ ወይም እነሱ በትክክል የተናገሩት ሰሚው ጋ አልደረሰም። ድምፁ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይህ መመሪያ ሐዋሳ ውስጥ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ስብሰባ ለሚያዘጋጁ፣ ለሆቴል አዳራሽ ሠራተኞችና ለጀማሪ የድምፅ ቴክኒሻኖች የተጻፈ ነው። ምሳሌያችን 120 ሰው የሚቀመጥበት፣ አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎና እንግሊዝኛ የሚነገርበት አዳራሽ ይሁን።

## መጀመሪያ መንገዱን እወቁ

ይህን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሚክሰሩ (የማይኮቹ ድምፅ ተቀላቅሎ የሚስተካከልበት መሣሪያ) አጠገብ ለጥፉት።

1. ተናጋሪው ማይክ ላይ ይናገራል።
2. ድምፁ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። ከሚክሰሩ አንዱ መስመር ወደ አዳራሹ ስፒከር፣ ሌላው ወደ ትርጉም መሣሪያው ይሄዳል።
3. አስተርጓሚው ቡዝ (ድምፅ የማያስገባ የአስተርጓሚዎች ትንሽ ክፍል) ውስጥ ካለው ኮንሶል (መቆጣጠሪያ ሳጥን) በማዳመጫ ይሰማል፤ እዚያው ኮንሶል ላይ ባለው ማይክ ይተረጉማል።
4. ትርጉሙ ወደ ትራንስሚተሩ ይሄዳል። ትራንስሚተሩ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ቻናል ይሰጠዋል።
5. ግድግዳ ወይም ማቆሚያ ላይ የተሰቀለው የኢንፍራሬድ ማሰራጫ፣ ኤፍኤም ከሆነ ደግሞ አንቴናው፣ ቻናሎቹን በሙሉ ወደ አዳራሹ ይረጫል።
6. ተሳታፊው ሪሲቨሩ (ማዳመጫው የሚሰካበት ትንሽ መቀበያ) ላይ ቻናሉን መርጦ ይሰማል።

ከቋንቋዎቹ ሌላ የመድረኩን ድምፅ እንዳለ የሚያሳልፍ ቻናል አብዛኞቹ መሣሪያዎች አሏቸው፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ 0 ነው። ይህን ቻናል ማንም አይሰማውም ብላችሁ አትዝጉት። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ እሱ ነው።

## ደረጃ 1፦ ማን በምን ቋንቋ ይናገራል?

አዘጋጆች የሚጀምሩት ማን ትርጉም ይፈልጋል ከሚለው ነው። እናንተ ማን በምን ይናገራል ከሚለው ጀምሩ። ፕሮግራሙን አውጡና ከእያንዳንዱ ተናጋሪ ስም አጠገብ ቋንቋውን ጻፉ። ጥያቄና መልስ ያለበት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ቋንቋ ጻፉ፤ ሕዝቡ በፈለገው ቋንቋ እንደሚጠይቅ አትጠራጠሩ።

ከዚያ ሪሲቨር ቁጠሩ። የተለመደው ስሌት "እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ 15 እንግዶች ስላሉን 15 ይበቃል" የሚል ነው። አይበቃም። አንድ የአገር ሽማግሌ በሲዳሙ አፎ መናገር ሲጀምሩ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው የአዳራሹ ክፍል ይደነቁራል። መድረክ ላይ ሦስቱም ቋንቋ የሚነገር ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሪሲቨር ያዙ፤ በላዩ 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ለ120 ሰው 132 ማለት ነው። መድረክ መሪውንና የክብር እንግዳውን በቁጥሩ ውስጥ አስገቡ። መድረክ መሪው ማዳመጫ ከሌለው በማያውቀው ቋንቋ የሚናገረውን ሰው ሰዓት መቆጣጠር አይችልም።

አስተርጓሚ በአንድ ቡዝ ሁለት ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየተፈራረቁ ይሠራሉ። "እኔ ብቻዬን ቀኑን ሙሉ እችላለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ ዋጋው ቢረክስም አትቀበሉት፤ ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ የሚዘለለው ዓረፍተ ነገር ይበዛል።

ስላይዱን፣ የመክፈቻ ንግግሩን፣ የተናጋሪዎችን ስምና ማዕረግ፣ የምኅጻረ ቃላትን ዝርዝር ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ላኩላቸው። "ስላይዱ ገና አላለቀም" የሚል አቅራቢ ያላለቀውን ይላክ።

## ደረጃ 2፦ አዳራሹን ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩ

ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው ያለችው። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ሐይቁ የሚያይ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ለእንግዳ የሚያምረው ይኸው መስኮት ነው ኢንፍራሬድን የሚገድለው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተሞከረ መሣሪያ እንከን አይወጣለትም፤ ከምሳ በኋላ 9 ሰዓት ሲሆን በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ሽሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም አይሰሙም።

ምክንያቱን ካወቃችሁ ምርጫው ቀላል ነው። ኢንፍራሬድ በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው፤ የቴሌቪዥን ሪሞት እንደሚሠራው ነው የሚሠራው። ግድግዳ አያልፍም። ነጭ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ጥቁር መጋረጃ ደግሞ ይውጠዋል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥም ኢንፍራሬድ ስላለ ሪሲቨሩን ያደናግረዋል። ኤፍኤም የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ፀሐይ አይነካውም፤ ግድግዳና ድንኳንም ያልፋል። ችግሩም ያው ነው፤ ውጭ የቆመ ሰው ተስማሚ ሪሲቨር ካለው ሊሰማችሁ ይችላል፣ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ሬዲዮም ሊገባባችሁ ይችላል።

በዚህ ወስኑ፦

- የተዘጋ አዳራሽ፣ መጋረጃ ያለው፦ ኢንፍራሬድ።
- ምሥጢራዊ ስብሰባ፣ ወይም ጎን ለጎን ሁለት አዳራሽ፦ ኢንፍራሬድ። በሩ እስከተዘጋ ድረስ አንዱ ከሌላው አይቀላቀልም።
- የሐይቅ ዳር ድንኳን፣ ግቢ፣ የመስክ ጉብኝት፦ ኤፍኤም።
- ትልቅ መስኮት፣ መጋረጃ የሌለው፦ ወይ ሆቴሉ ወፍራም መጋረጃ ይስቀል፣ ወይ ኤፍኤም ተከራዩ። ስስ ነጭ መጋረጃ መጋረጃ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት።

ኤፍኤም የምትከራዩ ከሆነ አከራዩ የሚጠቀምበት ፍሪኩዌንሲ የተፈቀደ መሆኑን ጠይቁ። የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዳራሹ ውስጥ እንዳላችሁ እነዚህንም እዩ፦ ቡዙ የሚቆምበት ቦታ መድረኩንና ስክሪኑን ያሳያል? ከኩሽና በር ይርቃል? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው? ስብሰባው በክረምት ከሆነ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ተናጋሪው ማይኩን ወደ አፉ ማስጠጋት ይኖርበታል።

## ደረጃ 3፦ ኪራይና ጭነት

መሣሪያው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጎደለች አንዲት ኬብል በአንድ ሰዓት ውስጥ አትመጣም። ስለዚህ ውሉ ላይ እነዚህን አስጽፉ፦

- መሣሪያው ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አዳራሹ ውስጥ ይገኛል።
- ቴክኒሻኑ ተክሎ አይሄድም፤ እስከ መጨረሻው ሰዓት ይቆያል።
- ትርፍ ኮንሶል አንድ፣ ትርፍ ገመድ አልባ ማይክ ሁለት፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ኬብል መጠባበቂያ፣ ትርፍ ባትሪ።
- የጠፋ ሪሲቨር ዋጋ ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው? ይህ ካልተጻፈ መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ሆቴሉን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ በዋዜማው ማታ አዳራሹ ውስጥ ምን አለ? ሰኞ ጠዋት የሚጀምር ስብሰባ እሑድ ማታ ሰርግ ከነበረበት አዳራሽ ጋር ከተጋጨ፣ ቡዝ የምትተክሉት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሰርግ ወንበር እየተነሣ ነው።

## ደረጃ 4፦ ቡዙን ትከሉ

ተንቀሳቃሽ ቡዝን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይሶ 4043 ነው። ለሁለት አስተርጓሚ የውስጡ ልክ ቢያንስ 1.60 ሜትር ወርድ፣ 1.60 ሜትር ጥልቀት፣ 2 ሜትር ቁመት መሆን አለበት። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ግማሽ ቡዝ ርካሽና ለመጫን ቀላል ቢሆንም ድምፅ አይከለክልም፤ ከፊቱ የተቀመጡ ሰዎች ትርጉሙን በባዶ ጆሯቸው ይሰማሉ፣ ይበሳጫሉም።

1. ቡዙን ከአዳራሹ በስተኋላ ወይም በጎን አቁሙት። አስተርጓሚው የተናጋሪውን አፍና ስክሪኑን ማየት አለበት። ከፊቱ ምሰሶ፣ ባነር ወይም የቪዲዮ ካሜራ አይቁም።
2. ወለሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ መቆሚያ ከሥሩ አድርጉ፤ ሰዎች ሲነሡ መድረኩ እንዳይሸፈን።
3. በቡዙና በመጨረሻው ረድፍ ወንበር መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ተዉ።
4. የቡዙን የአየር ማራገቢያ አስነሡና በሩን ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ ውስጡ ተቀመጡ። ከታፈናችሁ አስተርጓሚዎቹም በሩን ከፍተው ይሠራሉ፤ በሩ ከተከፈተ ደግሞ ቡዝ መተከሉ ትርጉም የለውም።
5. ውስጡ ውኃ፣ ትንሽ የንባብ መብራትና ወረቀት አስቀምጡ።

ኬብል በሰው መተላለፊያ ላይ የሚያልፍ ከሆነ በወፍራም ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ለጥፉት። በየሜትሩ አንድ ቁራጭ መለጠፍ በቂ አይደለም፤ ሻይ የሚያመላልስ ጋሪ ያነሣዋል።

## ደረጃ 5፦ መብራት

መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሣ ያለው ጊዜ ሰከንዶች ቢሆንም፣ ኮንሶሎቹና ትራንስሚተሩ ጠፍተው እንደገና እስኪነሡ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። አንዳንዶቹ ሲነሡ ቅንብራቸውን የረሱ ይሆናሉ። ስለዚህ ሚክሰሩን፣ የኮንሶሎቹን መቆጣጠሪያ፣ ትራንስሚተሩንና የኢንፍራሬድ ማሰራጫዎቹን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል መሣሪያ) ላይ ሰኩ። ፕሮጀክተርና ስፒከር ዩፒኤሱ ላይ አትጨምሩ፤ ባትሪውን ወዲያው ያራግፉታል።

ሚክሰሩና የትርጉም መሣሪያው ከአንድ መስመር ይነሡ። ከተለያየ መስመር ሲነሡ በኬብሉ ውስጥ እምምም የሚል ድምፅ ሊመጣ ይችላል። የፍል ውኃ ማፍያውና የቡና ማሽኑ ግን በዚያ መስመር ላይ አይሁኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ እምምታውን ለማጥፋት የሶኬቱን የመሬት መስመር የሚቆርጥ ቴክኒሻን ካያችሁ አስቁሙት። ማይክ የሚይዝ ሰው በ220 ቮልት ሊመታ ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ በሚክሰሩና በመሣሪያው መካከል የድምፅ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ማስገባት ነው።

## ደረጃ 6፦ ድምፁን ወደ ቡዝ አስገቡ

ከሁሉም ደረጃ በላይ ጊዜ የምትሰጡት ይህ ይሁን። እዚህ የተበላሸውን ከዚህ በኋላ ያለ መሣሪያ አያስተካክለውም።

ከሚክሰሩ ወደ ቡዝ የሚሄደውን ድምፅ ከዋናው የአዳራሽ መውጫ አትውሰዱ። አንድ ኦግዚላሪ (ተጨማሪ መውጫ) መስመር ለትርጉም ብቻ መድቡ፣ ቴክኒሻኖች ፕሪ ፌደር በሚሉት፣ የአዳራሹ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል አብሮ በማይቀየረው፣ ላይ አድርጉት። ይህ ካልሆነ የአዳራሹ ሰው "ስፒከሩ ጮኸ" ባለ ቁጥር የሆቴሉ ቴክኒሻን ይቀንሳል፤ በዚያው ቅጽበት የአስተርጓሚውም ጆሮ ውስጥ ድምፁ ይቀንሳል። አስተርጓሚው ኮንሶሉን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ሌላ ሰው ማይኩን መታ መታ አድርጎ "ሀሎ፣ ሀሎ" ይላል። ይህ የጆሮ ጉዳት ነው፣ ቀልድ አይደለም። በማዳመጫ ውስጥ ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ድምፅ አስተርጓሚን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። መስመሩ ላይ ሊሚተር (ድምፅ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታ መሣሪያ) አድርጉ፤ መድረኩ ላይም "ማይኩን አትምቱት፣ እፍ አትበሉበት" የሚል ወረቀት ለጥፉ።

ወደዚያ መስመር የሚገቡትን ቁጠሩ፦

- የፖዲየሙ ማይክ፣ የመድረክ ጠረጴዛው ማይኮች፣ በተሳታፊው መካከል የሚዞሩት ገመድ አልባ ማይኮች። ለ120 ሰው ቢያንስ ሁለት ዟሪ ማይክና ሁለት ማይክ አመላላሽ ልጆች ያስፈልጋሉ።
- ቪዲዮ የሚታይበት ላፕቶፕ። በዲአይ ቦክስ (የላፕቶፑን ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) በኩል ከሚክሰሩ ጋር ይገናኝ። ማይክ ላፕቶፑ ስፒከር ላይ ደግኖ ቪዲዮ ማሰማት በየአዳራሹ ይታያል፤ አስተርጓሚው ከዚያ የሚሰማው ማስተጋባት ብቻ ነው።

ወደዚያ መስመር የማይገባ አንድ ነገር አለ፦ የትርጉሙ ድምፅ ራሱ። ለክብር ንግግር ትርጉሙ በአዳራሹ ስፒከር ይውጣ ከተባለ፣ የትርጉሙን ቻናል ወደ ሚክሰር ስታስገቡ ወደ ቡዝ በሚሄደው ኦግዚላሪ ላይ ዝጉት። ካልዘጋችሁት አስተርጓሚው የገዛ ድምፁን ዘግይቶ ይሰማል፣ ፉጨትም ይነሣል።

ከሩቅ በስልክ የሚገባ ተናጋሪ አትቀበሉ። ለትርጉም መሣሪያ የተቀመጠው መስፈርት፣ አይሶ 20109፣ ከ125 እስከ 15,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል። ተራ የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ ነው። እናንተ ስታደምጡት ይገባችኋል፤ እየሰማ በዚያው ቅጽበት የሚናገር ሰው ግን ያንን መከተል አይችልም። በዙም የሚገባ ከሆነ ጥሩ ማይክ ያለው ማዳመጫ ያድርግ፣ ከአንድ ቀን በፊትም ተሞክሮ ይታይ። ዙም ላይ ለሚከታተሉ ትርጉም የምትልኩ ከሆነ የትርጉም አማራጩ በአካውንቱ ሴቲንግ ላይ አስቀድሞ ይከፈት፤ በግል መለያ ቁጥር በተከፈተ ስብሰባ ላይ አይሠራም።

## ደረጃ 7፦ ቻናል መድቡ፣ ሪሌዩን አስተካክሉ

በምሳሌያችን ቻናል 0 መድረኩ፣ 1 አማርኛ፣ 2 ሲዳሙ አፎ፣ 3 እንግሊዝኛ ይሁን። ሁለት ቡዝ አለን፦ አንዱ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ መካከል፣ ሌላው በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ይሠራል። ከሲዳሙ አፎ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ካላገኛችሁ አማርኛው ድልድይ ይሆናል። ሪሌይ የሚባለው ይህ ነው።

- ተናጋሪው በሲዳሙ አፎ ሲናገር፦ የመጀመሪያው ቡዝ በቻናል 1 ወደ አማርኛ ይተረጉማል። የእንግሊዝኛው ቡዝ መድረኩን ሳይሆን ቻናል 1ን እየሰማ በቻናል 3 ይናገራል።
- ተናጋሪው በእንግሊዝኛ ሲናገር፦ የእንግሊዝኛው ቡዝ በቻናል 1 አማርኛ ይሰጣል። የሲዳሙ አፎው ቡዝ ያንን ሰምቶ በቻናል 2 ይናገራል።
- ተናጋሪው በአማርኛ ሲናገር፦ ሁለቱም ቡዞች ከመድረኩ በቀጥታ ይሠራሉ።

በዋዜማው ከአስተርጓሚዎቹ ጋር ሦስቱንም ሁኔታ ተለማመዱ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ሁለት አዝራር ይነካሉ፦ የሚሰሙበትና የሚናገሩበት። ብዙው ስህተት የሚመጣው ከሁለተኛው ነው። አስተርጓሚው እንግሊዝኛ እየተናገረ በአማርኛው ቻናል ላይ ይወጣል።

ቴክኒሻኑን ሁለት ቅንብር ጠይቁት። አንደኛ፣ ሁለት ቡዝ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይናገር የሚከለክለው በርቷል? ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ያልያዘው ቻናል የመድረኩን ድምፅ እንዲያሳልፍ ተደርጓል? ሁለተኛው ከጠፋ፣ በአማርኛ ቻናል ላይ ያለ ሰው ተናጋሪው ወደ አማርኛ በተመለሰ ጊዜ ዝምታ ይሰማና "ተበላሸ" ብሎ ሪሲቨሩን ይመልሳል።

## ደረጃ 8፦ ማሰራጫውን ስቀሉ

ኤፍኤም ከሆነ አንቴናውን ከሰው ራስ በላይ አቁሙና ወደ ደረጃ 9 እለፉ። ኢንፍራሬድ ከሆነ ይህን አድርጉ፦

1. ማሰራጫዎቹን ከሰው ራስ በደንብ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ፊታቸውን ወደ ተሳታፊው አዘንብሉ። ከምሰሶ ጀርባ የሚቀር ወንበር አይኑር።
2. አንድ ማሰራጫ ብቻ ከኋላ አታድርጉ። ሪሲቨሩ ደረት ላይ ስለሚንጠለጠል የሰሚው አካል ራሱ ይጋርደዋል። ከፊት ግራና ቀኝ ይሻላል።
3. ሁለት ማሰራጫ ስትጠቀሙ ከትራንስሚተሩ ወደ ሁለቱ የሚሄዱት ኬብሎች ርዝመታቸው ይቀራረብ። አንዱ 10 ሌላው 60 ሜትር ከሆነ ሁለቱ ጨረሮች ተዘበራርቀው ይደርሱና አዳራሹ መሐል ላይ ድምፅ የሚጠፋበት ቦታ ይፈጠራል።
4. ማሰራጫዎቹ በተከታታይ የተገናኙ ከሆነ መሣሪያው የሚጠይቀውን የመስመር መዝጊያ (ተርሚኔተር) የመጨረሻው ማሰራጫ ላይ አድርጉ።

## ደረጃ 9፦ ወንበር ለወንበር ሞክሩ

አንዱ መድረክ ላይ ጋዜጣ ያንብብ፣ አስተርጓሚ ወይም ረዳት ቡዝ ውስጥ ገብቶ በሦስቱም ቻናል ይቁጠር። እናንተ ሪሲቨር አንጠልጥላችሁ ተቀመጡ። ቆማችሁ አትሞክሩ፤ ተሳታፊው ቆሞ አይሰማም። አራቱን ማዕዘን፣ መሐሉን፣ የመስኮቱን ረድፍ፣ ከምሰሶው ጀርባ ያለውን ወንበር አዳርሱ። በየቦታው አራቱንም ቻናል አዙሩ።

ሁለት ጊዜ ሞክሩ፦ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲገባ፣ እንዲሁም የአዳራሹ መብራት ሁሉ በርቶ። አንዳንድ ብርሃን የሚቀንስና የሚጨምር መብራት ራሱ ኢንፍራሬዱን ይረብሻል።

መብራቱንም አጥፉት። አዎ፣ ሆን ብላችሁ። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ቻናሎቹ ከቀጠሉ ዩፒኤሱ ይሠራል።

## ደረጃ 10፦ ሪሲቨር ማደል

በር ላይ ጠረጴዛ ከመመዝገቢያው ለይታችሁ አቁሙ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰልፉ እስከ ግቢው ይደርሳል። ሪሲቨሩ ቁጥር ይኑረው፣ ሰው ፈርሞ ይውሰድ። መታወቂያ መያዝ የበለጠ ያስመልሳል፤ ግን 120 መታወቂያ በፊደል ተራ የሚደረድርበት ሳጥን ከሌላችሁ ማታ መመለሻው ላይ ትሰቃያላችሁ።

የቻናሎቹን ዝርዝር በሦስቱም ቋንቋ ስክሪኑ ላይ አውጡ። መድረክ መሪው ከመክፈቻው በፊት ሁለት ደቂቃ ይስጥ፦ "ሪሲቨሩን አብሩ፣ ቻናላችሁን ምረጡ፣ ድምፁን አስተካክሉ።" እነዚህንም ይጨምር፦

- ሪሲቨሩ ደረት ላይ ይንጠልጠል። ኪስ ውስጥ፣ ኮት ሥር ወይም ነጠላ ውስጥ የገባ የኢንፍራሬድ ሪሲቨር አይሠራም። እናቶች ነጠላቸውን ሲያጣፉ ሪሲቨሩ ከሥር ስለሚቀር አዳዮቹ በትሕትና ያሳዩዋቸው።
- ማዳመጫውን አውልቆ ክፍት ማይክ አጠገብ ማስቀመጥ ፉጨት ያመጣል።

## ደረጃ 11፦ ስብሰባው ላይ

የትርጉምን ሥራ ከማንም በላይ የሚያበላሸው "ድምፄ ይሰማል፣ ማይክ አያስፈልገኝም" የሚለው ሰው ነው። አዳራሹ ይሰማዋል፤ ቡዙ ግን ድምፅ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ሳጥን ነው። መድረክ መሪው ማይክ ያልያዘን ሰው እንዲያናግር አታድርጉት። ክቡር ሚኒስትርም ቢሆኑ ማይኩ ይምጣላቸው።

አንድ ሰው ከቡዙ አጠገብ ይቁም። በመስታወቱ በኩል አስተርጓሚዎቹ የሚያሳዩትን ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ፦ እጅ ወደ ታች፣ "ተናጋሪው ፈጠነ"፤ እጅ ወደ ጆሮ፣ "አይሰማም"። ምልክቱ ሲታይ ያ ሰው ለመድረክ መሪው ቁራጭ ወረቀት ያደርሳል። ጽሑፍ የሚያነብ ተናጋሪ ሁልጊዜ ይፈጥናል።

ከእናንተ አንዱ ቀኑን ሙሉ ሪሲቨር አድርጎ በየቻናሉ ይዙር። ተሳታፊ ቅር ሲለው አይናገርም፤ ዝም ብሎ ማዳመጫውን ያወልቃል።

## ሲበላሽ

መጀመሪያ ቻናል 0 ላይ አድርጉ። ቻናል 0 ጥርት ብሎ ከተሰማ ማይኩ፣ ሚክሰሩና ማሰራጫው ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው በቡዞቹ በኩል ነው። ቻናል 0ም ከተበላሸ ቡዙን ተዉትና ወይ ወደ ሚክሰሩ፣ ወይ ወደ ማሰራጫው ሂዱ። ሁለቱን ለመለየት አስተርጓሚውን ጠይቁ፦ እሱ መድረኩን በደንብ ይሰማል? ከሰማ ጥፋቱ ከትራንስሚተሩ ጀምሮ ወደ ተሳታፊው ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ካልሰማ ከሚክሰሩ ነው።

አንድ ሰው ብቻ አይሰማም። ሪሲቨሩን ቀይሩለት፣ ተወያይታችሁ ጊዜ አታጥፉ። የተመለሰውን ኋላ መርምሩት፤ ባትሪ ወይም የማዳመጫው ገመድ ነው።

አንድ ረድፍ በሙሉ ሽሽሽ ይላል። ፀሐይ ገብታለች። መጋረጃውን ዝጉ። ካልተቻለ ሰዎቹን ወደ ሌላ ወንበር አዛውሩ።

አንድ ቋንቋ ጠፍቷል፣ ሌሎቹ አሉ። አስተርጓሚው ማይኩን አልከፈተም ወይም በሌላ ቻናል እየወጣ ነው። የኮንሶሉን መብራት በመስታወቱ እዩ። ኮንሶሉ ሞቶ ከሆነ ትርፉን ተኩ፤ እስከዚያ አጣማሪው ባለበት ኮንሶል ይቀጥል።

በሁሉም ቻናል እምምም አለ። ሚክሰሩንና ትራንስሚተሩን ወደ አንድ ማከፋፈያ አምጡ። ካልጠፋ አይሶሌሽን ትራንስፎርመሩን አስገቡ።

በኤፍኤሙ ላይ ሌላ ድምፅ ገባ። ትራንስሚተሩን ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ አዙሩ። ሪሲቨሮቹም አብረው መቀየር ስላለባቸው የሻይ ዕረፍት ጠብቁ፤ በንግግር መካከል አትሞክሩት።

ሁሉም ነገር ጠፋ። ስብሰባውን አቁሙ። መድረክ መሪው ግልጹን ይናገርና ዕረፍት ይስጥ። ትርጉም በሌለበት "እንቀጥል" ማለት ከአዳራሹ ከፊሉን ሰው ማሰናበት ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደ አስተርጓሚዎቹ ወደ መድረክ ወጥተው ተናጋሪው ባረፈ ቁጥር በየተራ ይተርጉሙ፤ ለዚህ የፕሮግራሙ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ እንደሚሆን አስቡ።

## ሲጠናቀቅ

የሪሲቨር መሰብሰቢያ ጠረጴዛውን ከመዝጊያ ንግግሩ በፊት በር ላይ አቁሙ። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ከሄዳችሁ ሰዉ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ያልተመለሱትን ቁጥሮች ከፊርማው ዝርዝር ለዩና እዚያው ደውሉ፤ ብዙዎቹ በስሕተት ቦርሳ ውስጥ የገቡ ናቸው።

የጆሮ ማዳመጫውን ስፖንጅ ቀይሩ ወይም በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ አትንከሩት። ስብሰባው ለሁለተኛ ቀን የሚቀጥል ከሆነ ሪሲቨሮቹን ማታውኑ ቻርጀር ውስጥ መልሱ፣ ሶኬቱ ሌሊት ከአዳራሹ ማብሪያ ጋር አብሮ የሚጠፋ እንዳልሆነም አረጋግጡ። በቀን ባትሪ ያለቀበትን ሪሲቨር ከሱቅ በተገዛ ተራ የባትሪ ድንጋይ አስነሥታችሁ ከሆነ፣ ቻርጀር ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ድንጋዩን አውጡ። ቻርጅ የማይደረግ ድንጋይ ቻርጅ ሲደረግ ይግላል፣ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል።